የጋሽ ደምሴ አትሮኖስ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ዴንተን ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ዶርሜ ውስጥ ቁርሴን እየበላሁ ነው። እናቴ ደወለችና መጀመሪያ ትምህርት እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቀችኝ። መርዶ ማርዳት እንደማይሆንላት ስለማውቅ ጠበቅኋት። በመጨረሻ «ጋሽ ደምሴ አረፉ» አለች። «እሺ» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቀረውን ሲሪያል ጨርሼ በላሁ፤ ሳህኑን አጠብኩ፤ ባዮሎጂ ክፍል ገብቼ እስከ መጨረሻው ኖት ያዝኩ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እንባው ግን አልመጣም፤ ይህን ስጽፍም አልመጣም። ስለዚህ ቢያንስ ስለ እሳቸው የማውቀውን በሥርዓት ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደምሴ አናጺ ነበሩ። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አርመን አናጺ ዘንድ ገብተው፣ በመጀመሪያ ሰጋቱራ እየጠረጉ፣ ቀጥሎ ሙጫ እያፈሉ፣ በኋላ በርና መስኮት እየገጠሙ አደጉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቤት በር፣ አልፎ አልፎም የቤተ ክርስቲያን አትሮኖስ ሲሠሩ ኖረዋል። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር አምስት ልጆች ወልደው ሁለቱ በሕፃንነታቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ካደጉ በኋላ በክፉው ጊዜ ሞቱባቸው። የተረፈላቸው ዮናስ ብቻ ነው። ዮናስ በሱዳን በኩል ወጥቶ እዚህ አሜሪካ ገባ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ጫኝ ሆኖ ተቀጠረ፤ ወረቀቱ ሲስተካከልለት አባትና እናቱን አስመጣ። መጀመሪያ ዩለስ በምትባል ከተማ እሱ ዘንድ ነበሩ። እኛ ያወቅናቸው ከዚያ ወጥተው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወደምንኖርበት አፓርትመንት ሲመጡ ነው። በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። ጋሽ ደምሴ ብዙም ሳይቆዩ የግቢው ሜንቴናንስ፣ ማለት ጥገና ሠራተኛ፣ ሆነው ተቀጠሩ። ሰባ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር።

በጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ። እሑድ ነጠላ አጣፍተው ሲወጡ እንኳን አይረሱትም፤ እትዬ ዘነበች ናቸው በር ላይ የሚነቅሉላቸው። እንግድነት የሄዱበት ቤት ሲቀመጡ እጃቸውን በጠረጴዛው ሥር ሰደድ አድርገው የታችኛውን እንጨት ይዳብሳሉ። ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል ይላሉ። አንድ ቀን እኛ ቤት እንዲህ ሲዳብሱ ማን እንደለጠፈው ያልታወቀ ማስቲካ ጣታቸው ላይ ተጣበቀና እናቴ የምትገባበት ጠፋት። እሳቸው ግን ማስቲካውን በእርጋታ እያላቀቁ፣ ጥሩ ኮላ ነው፣ ይህን የሠራው ሰው አናጺ መሆን ነበረበት አሉ።

ስለ በር የሚሉት ነገርም ነበራቸው። «በር የሚፈተነው ሲዘጋ ነው። ሲከፈትማ ሁሉም በር ጥሩ ነው።» ይህን የሚሉት አዲስ የገጠሙትን በር ሦስት አራት ጊዜ እየዘጉ እየከፈቱ ነው።

እትዬ ዘነበች የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ፤ እግራቸው ያብጣል። ጋሽ ደምሴ ከሥራ እንደወጡ የእትዬ ዘነበችን የቤት ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይጠብቋቸዋል። እትዬ ዘነበች እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማ ይቀይራሉ፤ ጋሽ ደምሴ የሥራ ጫማውን ተሸክመው አብረው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ታፈሰ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ አንድ ቀን በሰው መሀል፣ ጋሽ ደምሴ በስተርጅና የሴት ጫማ ተሸካሚ ሆኑ ብለው ሰው አሳቁባቸው። ጋሽ ደምሴም አብረው ከሳቁ በኋላ «የራሴ ሚስት ጫማ ነው። የሰው ሚስት ጫማ ቢሆን ነው የሚያስቀው» አሏቸው።

ከልጃቸው ቤት ለምን እንደወጡ እትዬ ዘነበች ናቸው ለእናቴ የነገሯት። ዮናስ ካርቱም ሳለ ጴንጤ ሆኗል። ለወላጆቹ በደብዳቤ አልጻፈላቸውም፤ ሲመጡ በዐይናቸው አይተው ይረዱኛል ብሎ ነው። በመጡ በመጀመሪያው በዓል የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ቤታቸው መጡ። መስቀላቸውን አውጥተው ሁሉንም አሳለሙ። ዮናስ ጋ ሲደርሱ ዮናስ ሳይሳለም እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ቄሱ መስቀሉን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው በቀኛቸው ጨበጡት።  እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ደምሴ ሳህን እያነሱ «ቀባሪ አለኝ ብዬ ነበር» አሉ። ያሏት ይህችን ብቻ ናት። በወሩ ሌክ ሃይላንድስ ቤት ተከራዩ።

እኔ ያን ጊዜ አነጋገራቸው ከባድ አልመሰለኝም ነበር። እናቴ ናት ያስረዳችኝ። አራት ልጅ ለቀበረ ሰው አምስተኛው ልጅ ማለት የሚቀብረው ሰው ማለት ነው። ጴንጤ የሆነ ልጅ ፍትሐት ላይ አይቆምም፤ ካህናቱም አያቆሙትም። እንግዲህ ጋሽ ደምሴ ሲሞቱ ማን ይቀብራቸዋል? እድሩ ነው፣ እድሩ ደግሞ አቶ ታፈሰ ናቸው።

አባትና ልጅ ተጣልተዋል አይባልም። ዮናስ ይደውላል፤ እትዬ ዘነበች ያነሳሉ፤ ጋሽ ደምሴ ደህና ነው በይው ይላሉ። ዩለስ ለምን አይሄዱም ሲባሉ ሃይዌይ አልነዳም ይሉ ነበር። እውነትም አይነዱም፤ የትም የሚሄዱት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ሃይዌዩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያኔ የኛ ሰዎች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም። ታቦትም ገና አልገባልንም። ከአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን እሑድ ጧት ጸሎትና ትምህርት ይደረግ ነበር። የእነ ዮናስ ኅብረትም ያንኑ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ይከራያል። እኛ ስንወጣ እነሱ ይገባሉ፤ ፓርኪንጉ ላይ እንገናኛለን። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ያደጉ ሰዎች እዚያ ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ መኪናውን እንደሚቆልፍ ሰው አቀርቅሮ ያልፋል።

አንድ እሑድ እትዬ ዘነበች ቤት አልሄድም ብለው ፓርኪንጉ ላይ ቀሩ። የት እንደገቡ ማንም አልጠየቃቸውም። ማታ እራት ላይ፣ እናቴ ማታ ማታ ሆስፒታል ስለምትሠራ እኔ እራቴን የምበላው እነሱ ቤት ነበር፣ ወጥ እያወጡ ስለ ዮናስ አወሩ። ዮናስ እንደሚያስተምር፣ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያስቀምጠው ለሙዚቃ ኖታ በተሠራ ቀጭን የብረት መቆሚያ ላይ እንደሆነ፣ በትምህርቱ መሀል መጽሐፉ ተንሸራቶ እንደወደቀና ሰው እንደሳቀ ለጋሽ ደምሴ ነገሯቸው።  ጋሽ ደምሴ በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን «የቁመቱን ልክ ማወቅ አለብኝ። ይምጣ» አሉ።

ዮናስ በማግስቱ ከሥራ ወጥቶ ከነዩኒፎርሙ መጣ። ጋሽ ደምሴ ሳሎኑ መሀል አቆሙት።

«ጫማህን አውልቅ።»

«አባባ፣ ማለቴ፣ የሰባኪ አትሮኖስ፣ ፑልፒት'ኮ ስታንዳርድ ሳይዝ አለው።»

«ስታንዳርድ ለሬሳ ሣጥን ነው። አውልቅ። ቀጥ በል። ስታስተምር እንዲህ ትጎብጣለህ?»

«አልጎብጥም።»

«ጎብጠሃል። ሻንጣው ነው ያጎበጠህ። ክርንህን እጠፍ።»

ዮናስ ክርኑን አጠፈ። ጋሽ ደምሴ ሜትራቸውን ከወለሉ እስከ ክርኑ ዘረጉ፤ ከዚያ ከደረቱ እስከ መዳፉ፤ ከዚያ ትከሻውን። ትከሻው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን እዚያው ላይ ትንሽ አቆዩት። እትዬ ዘነበች ወደ ማድ ቤት ገቡ። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራ መሰልኩ። ጋሽ ደምሴ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው እንጨት ቁራጭ ላይ የሆነ ነገር ጻፉና እራት ብላ አሉት። አብረው ተቀምጠው ሲበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንጨቱን ያገኙት አንድ ተከራይ ሲለቅ ጥሎት ከሄደው የምግብ ጠረጴዛ ነው። ኦክ ነበር። የአፓርትመንቱን ማናጀር አስፈቅደው፣ መኪና በማይቆምበት የግቢው ጥግ ላይ ከሥራ በኋላ ይላጉታል። በሚስማር አልመቱትም፤ እንጨት በእንጨት እያገጣጠሙ በኮላ አጣበቁት። ኮላው ሳይደርቅ እንዳይነካ የግቢውን ልጆች ይከለክላሉ። ቸኩሎ የተጣበቀ ቸኩሎ ይላቀቃል ይላሉ። በመጨረሻ ከፊት ለፊቱ መሮ ይዘው መስቀል ቀረጹበት። አስበውበት አይመስለኝም። በሕይወታቸው የሠሩት አትሮኖስ ሁሉ መስቀል ያለው ነው፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም።

ዮናስ ቅዳሜ ከአንድ ጓደኛው ጋር በፒካፕ ሊወስደው መጣ። ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ፊቱ ጋ ቆመ።

«አባባ፣ መስቀል አለው።»

«አትሮኖስ ነው'ኮ።»

«አውቃለሁ። እኛ ጋ ግን...»

ጋሽ ደምሴ የሠሩትን ያን ጊዜ ነው ያዩት። መላጊያቸውን አነሱ። «ልፋቀው?»

ዮናስ ጓደኛውን አየው። ጓደኛው ትከሻውን ሰበቀ። «ተወው» አለ ዮናስ። «ኦኬ ነው። ይሁን።»

ጭነውት ሄዱና ለማግስቱ ከሰዓት እንዲደርስ አዳራሹ ውስጥ አቆሙት። ከእነሱ በፊት ጧት እኛ እንደምንገባበት ዮናስም አላሰበውም፣ ጋሽ ደምሴም አላሰቡትም።

እሑድ ጧት ስንገባ አትሮኖሱ መሀል ላይ ቆሟል። ኦክ ነው፣ መስቀል አለበት፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከመሀላችን አንድ ብቻ ነው። ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ሴቶቹ እየተሳለሙት አለፉ። ቄሱ ወንጌሉን አስቀመጡበት። አቶ ታፈሰ ተነሥተው፣ ጋሽ ደምሴ ሳይነግሩን፣ ሳናስቸግራቸው እጃቸውን ለእግዚአብሔር ቤት ሰጡ ብለው ብዙ አመሰገኑ። እልልታው ቀለጠ። ቄሱ፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት፣ የሠራበትን እጅ ይባርክ ብለው መረቁ።

ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ በኩል ሆነው ሲያዩአቸው አየሁ። ዝም ብለው መቅረት ይችሉ ነበር። አትሮኖሱ ለጧቱም ለከሰዓቱም ጉባኤ በቂ ነበር። እልልታው እስኪያልቅ ጠበቁና ተነሡ።

«ለእናንተ አልሠራሁትም» አሉ።

አቶ ታፈሰ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ታዲያ ለማን ሠሩት?»

«ለልጄ።»

«ለየትኛው ልጅዎ?»

«አንድ ነው ያለኝ።»

የአቶ ታፈሰ ፈገግታ ቀረ። «ጋሽ ደምሴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለጴንጤ?»

«ለዮናስ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ትንሽ ነው። ቄሱ ወንጌሉን አነሡ። ሁለት ወጣቶች አትሮኖሱን ተሸክመው ወደ ጥግ ወሰዱት፤ መስቀሉ እንዳይታይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ። ጸሎቱ ቀጠለ፤ እስኪያልቅ ቆዩ፤ እንደ ሁልጊዜው ወንበር አጣጥፈው ደርድረው ወጡ። እንደ ልማዳቸው በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየነዱ ወደ ቤት መለሱን።

ማንም አልሰደባቸውም። ሰላምታው ግን ቀነሰ። እሳቸው እሑድ እሑድ መምጣታቸውን አልተዉም፤ የሚቀመጡበትም ወንበር አልተቀየረም፤ ከጎናቸው ያለው ወንበር ግን ባዶውን ይውላል። አቶ ታፈሰ በሽምግልና ቤታቸው ድረስ መጥተው አንድ ነገር ለመኗቸው። በሕዝቡ ፊት ይቅርታ ይጠይቁና ነገሩ ይለቅ አሏቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ምን ብዬ ልጠይቅ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ልጅ ወለድኩ ብዬ?»

አቶ ታፈሰ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው አመስግነው ሄዱ።

ዮናስ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ጋሽ ደምሴ እሱ ወደሚያስተምርበት አንድም ቀን አልገቡም። ስለ ሃይማኖትም ሲነጋገሩ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እትዬ ዘነበች ልጃቸውን ሊሰሙ ሲገቡ፣ እሳቸው ፓርኪንግ ውስጥ መስኮት ከፍተው መኪና ውስጥ ጠበቁ። የአዳራሹ በር ክፍት ስለነበር የዮናስ ድምፅ ይሰማ ነበር። እትዬ ዘነበች ሲመለሱ፣ እንዴት ነው ብለው ጋሽ ደምሴን ጠየቋቸው። ድምፁ ደህና ነው፣ ጩኸት ያበዛል እንጂ አሉ። መኪናውን አስነሡና፣ የአትሮኖሱ ቁመት ልክ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ልክ ነው አሏቸው።

እኔ ለትምህርት ወደ ዴንተን ስሄድ የጋሽ ደምሴ ልብ መታመም ጀምሮ ነበር። ሥራ ትተዋል። እትዬ ዘነበችን ለመቀበል ግን እስከ ፌርማታው ይሄዱ ነበር፤ መንገድ ላይ እየቆሙ። ስሰናበታቸው የዶርም ክፍሌ በር በደንብ ይዘጋ እንደሆነ አይቼ እንድደውልላቸው ነገሩኝ። በደንብ ይዘጋል ብዬ ደወልኩ። ደስ አላቸው።

ለቅሶው ቤት የሄድኩት በአውቶቡስና በእናቴ መኪና ነው። ቤቱ ሞልቷል። እናቴ ታለቅሳለች፤ እኔ ውሃ አቀረብኩ፣ ብርጭቆ ሰበሰብኩ። እትዬ ዘነበች አጠገብ ስቀመጥ እጄን ይዘው፣ ትምህርት እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። 

የቀብሩ ዕለት ጧት አቶ ታፈሰ ዮናስን ወደ ጎን ወሰዱት። በትሕትና ነው የነገሩት። ካህናቱ እንዳይቸገሩ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከጓደኞችህ ጋር ራቅ ብለህ ብትቆም አሉት። ዮናስ አልተከራከረም፤ እሺ አላቸው። ፍትሐቱ አዳራሹ ውስጥ ሲደርስ እሱ ከኅብረቱ ሰዎች ጋር ውጪ ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ ዘነበች ዞር እያሉ በሩን ያያሉ። መቃብር ቦታም ስንደርስ እሱና ጓደኞቹ መኪኖቹ ጋ ቀሩ፤ አንድም እርምጃ ወደፊት አልመጡም። አባቱን የሚቀብሩት እድርተኞች ነበሩ።

መቃብሩ ዙሪያ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሣጥኑ በማሽኑ ማሰሪያ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሱ። የመቃብሩ ሠራተኛ ማሽኑን ይዞ፣ ላውርደው ወይ ብሎ በዐይኑ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አቶ ታፈሰን አየ። አቶ ታፈሰ ሣጥኑን አዩ፤ በሣጥኑ ራስጌ በኩል ልጅ የሚቆምበት ቦታ ክፍት ነበር። ዙሪያውን ሰው ቆሞበታል፣ እዚያ ግን ማንም አልቆመም። አቶ ታፈሰ እጃቸውን አንሥተው ሠራተኛውን አስቆሙት።

«ልጁ የት አለ?» አሉ።

 የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

«ልጁ ሳይመጣ አይወርድም።»

ቄሱ አቶ ታፈሰን አዩአቸው፤ ከዚያ መጽሐፋቸውን ዘግተው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። አንድ ልጅ ሮጦ ወደ መኪኖቹ ሄደ። ዮናስ ብቻውን መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ራስጌው ጋ ሄዶ ቆመ፤ እናቱ ክንዱን ያዙት፤ ሠራተኛው ማሽኑን ነካና ሣጥኑ ወረደ።

በእኛ ወግ አፈሩን የሚመልሱት ቀባሪዎቹ ናቸው፤ ሠራተኞቹም ይህን ለምደዋልና ምንጣፉን ገልጠው አካፋ ሰጡን። አቶ ታፈሰ ኮታቸውን አውልቀው ለሰው ሰጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዛቁና አካፋውን ለዮናስ አቀበሉት። ዮናስ ተቀበላቸው። አልተያዩም። ልማዱ ሰው ትንሽ ትንሽ እየዛቀ ለሚቀጥለው ማስተላለፍ ነው፤ ወንዶቹም እጅጌያቸውን ሰብስበው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ዮናስ ግን አላስተላለፈም። ላብ በፊቱ እየወረደ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላና አፈሩ ጉብ እስኪል ድረስ ብቻውን ዛቀ። አካፋውን ማንም አልጠየቀውም።